ልጆቻችን እጃቸውን አጣጥፈው አይዋሉ

ይድረስ፦ በሀዲያና በከምባታ ዞኖች የልዩ ፍላጎት ትምህርትን፣ የጤና አገልግሎትንና ማኅበራዊ ጉዳይን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለርእሳነ መምህራን

ጉዳዩ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች «ባህርያቸው እስኪስተካከል» እያሉ ወደ ቤት መመለስ እንዲቆም፣ የትምህርት ቤት ውሏቸውም በሥራና በእንቅስቃሴ እንዲሞላ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከጃጁራ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ በክረምት መርሐ ግብር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምሬአለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ግን መምህርነቴ ሳይሆን አሳዳጊነቴ ነው። ወንድሜ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆይቷል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጁን ከእናቴ ጋር የማሳድገው እኔ ነኝ። ልጁ አሁን 14 ዓመቱ ነው።

በቅርቡ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ደረሰን። ልጁ ክፍል ውስጥ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ያሰማል፣ እጁን ይነክሳል፤ ስለዚህ ባህርዩ እስኪስተካከል ቤት ይቆይ ይላል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ወረቀቱን የጻፉት ሰውም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሌሎቹን ተማሪዎች ያሰቡ መስሏቸው ነው። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቢሯቸው ገብቼ አነጋግሬ እመለስ ነበር። ነገር ግን በገበያም በለቅሶ ቤትም የማገኛቸው፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸው እናቶች ሁሉ ያንኑ ቃል ሰምተውታል። አንዷ በጽሑፍ፣ ሌላዋ በቃል፣ ሌላዋ ደግሞ ልጇን በር ላይ ተቀብለው ሲመልሱባት። ለዚህ ነው በግልጽ ደብዳቤ ወደ እናንተ የመጣሁት።

ቅሬታዬ ይህ ነው፦ ልጆቻችን እንዲስተካከሉ የሚላኩት ባህርያቸው ወደሚብስበት ቦታ፣ ሥራ ፈትተው ወደሚውሉበት ቤት ነው።

ክፍሉም ቢሆን ልጅ ባዶ እጁን የሚውልበት ነው። ልጁ ይማርበት የነበረውን ዓይነት ልዩ ክፍል በሥራዬም አውቀዋለሁ። ዕድሜያቸውም ችግራቸውም የተለያየ ልጆች በአንድ ክፍል፣ ለአንድ መምህር ይሰጣሉ። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጠመኔ አለ። ልጅ በእጁ የሚይዘው፣ የሚፈታው፣ የሚገጥመው፣ የሚያጓጉዘው ነገር ግን የለም። መምህሩ አንዱን ልጅ እጁን ይዞ ሲያጽፍ የቀሩት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የእኛ ልጅ ሲጠብቅ መጀመሪያ አውራ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ይፈትጋል። ቀጥሎ ከወገቡ በላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ከዚያ ከጉሮሮው የሚወጣ አንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራል። ድምፁ ከፍ ሲልና ሰው ሲቆጣው የቀኝ እጁ አንጓ ወደ አፉ ይሄዳል። አንጓው ላይ ያለው ቆዳ ከንክሻው ብዛት ጠንክሮ ጠቁሯል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ባዶ እጁን ተቀምጦ የጠበቀበትን ጊዜ የጻፈው የለም።

ይኸው ልጅ ቤት ውስጥ አያቱ የደረቀ በቆሎ ሰጥታው ሲፈለፍል እዩት። ሰፌዱን ጭኑ መሐል አድርጎ፣ ፍሬውን በአውራ ጣቱ እየገፋ፣ ቆረቆንዳውን በስተግራው እየደረደረ ይሠራል። ያን ጊዜ አይወዛወዝም፤ ቢወዛወዝም ለጥቂት ነው፣ እጁም ወደ አፉ አይሄድም። በቆሎው ሲያልቅና ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ሲቀር ግን ብዙም አይቆይም፣ ይጀምራል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህን ያስተዋለችው ግን ከእኔ በፊት ነው። «ሥራ ስጪው፣ ራሱን ይተዋል» ትለኛለች።

ከሁሉ የበለጠ የሚወደው ቃጫ ነው። እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ስትፍቅ የተረፈውን ቃጫ ታደርቅለታለች። እሱ በጣቶቹ እያሻሸ፣ ጭኑ ላይ እያንከባለለ ገመድ ይገምዳል። መጀመሪያ ጎረቤቶቻችን «ወንድ ልጅ እንሰት የሚፋቅበት ቦታ ምን ያደርጋል?» ብለው ነበር፤ አሁን ግን ጥጃ ማሰሪያ የሚፈልግ ሰው እኛ ቤት ይመጣል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ያ ጣት ክፍል ውስጥ ጉልበቱን የሚፈትገው ጣት መሆኑን ነው። እንቅስቃሴው ተደጋጋሚ ነው፤ ገመዱ የሚገመደውም በዚያው ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ መደጋገምን ሁሉ ከልጆቻችን እንድታጠፉልን አልጠይቅም። ልጅ ደስ ሲለው እጁን ቢያራግብ፣ ሲጨንቀው ቢወዛወዝ ማንንም አይጎዳም፤ ራሱን የሚያረጋጋበት መንገዱ ነው። የሚያስጨንቀኝ ራሱን ሲያቆስልና በዚሁ ሰበብ ከሰው ሲለይ ነው።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ በዓለም ላይ የታየውን ጥቂት ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጌርሾን በርክሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በማቆያ ተቋማት የሚኖሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ተከታትለው ነበር። በእጃቸው የሚይዙት ነገር ሲያገኙ መወዛወዙ እንደሚቀንስ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ምንም ነገር ባልነበረበት ክፍል መጫወቻዎች ሲገቡ ልጆቹ ራሳቸው ላይ የሚያደርጉት ጎጂ ድርጊት እንደቀነሰ፣ ሠራተኞቹ በዕቃው መጫወታቸውን እያዩ ሲያበረታቷቸው ደግሞ ለውጡ እንደጨመረ ያሳያል። ዕቃው ይረዳል፤ የሰው ዓይን ሲታከልበት የበለጠ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ለ15 ደቂቃ ሶምሶማ ከሮጡ በኋላ ተደጋጋሚ ባህርያቸው ቀንሶ ታይቷል። ለዚያው ያህል ጊዜ ቀስ ብለው ኳስ ሲጫወቱ ግን ያን ያህል ለውጥ አልመጣም። የእኛ አገር ዳገት ለዚህ አያንስም። የወንድሜ ልጅ ጠዋት ከአህያው ጋር ወደ ምንጭ ወርዶ ጀሪካን ጭኖ የተመለሰ ቀን፣ ቁርሱን ሲበላም ከዚያም በኋላ የረጋ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ምን እንደሆነ እናንተም ቤተሰቦችን ብትጠይቁ ትሰማላችሁ። ልጁ ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ አይከፈትም። በቀኑ ውስጥ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከቦታው ጠፋበት። የአንጓው ቁስል ያኔ ነው የጀመረው። በየዓመቱም ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቤት ሲያውለው ይብስበታል፤ መስከረም ሲጠባ ይሻለዋል። እንግዲህ ይህን ለሚያውቅ ቤተሰብ «ባህርዩ እስኪስተካከል ቤት ይቆይ» የሚል ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ ፍረዱት።

እውነቱን ለመናገር ግን ሥራ ሁሉ አይበጅም፤ ግርግርም ሥራ አይደለም። በያሆዴ በዓል ሰሞን ቤታችን በዘመድ ሲሞላ፣ ዘፈኑና ጭፈራው ሲደምቅ ልጁ ጆሮውን ይይዝና ራሱን መምታት ይጀምራል። ያን ቀን የሚያስፈልገው ጓሮ ወጥቶ ከአያቱ ጋር መቀመጥ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራም እንዲሁ ነው። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች ሥራው ሲከብዳቸው ወይም የመምህሩ ትኩረት ሲያንሳቸው አስቸጋሪ ባህርይ እንደሚያሳዩ፣ ሥራው የከበዳቸው «አልገባኝም» ማለትን ሲማሩ ግን ባህርዩ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የእኛ ልጅ በቅጡ አይናገርም። ሀ ሁን በደብተር እንዲገለብጥ ሲታዘዝ «አልቻልኩም» የሚለው በጥርሱ ነው። መዳፉን አንስቶ እርዳታ እንዲጠይቅ ቤት ውስጥ አስተምረነዋል፤ የሚያየው ሰው ካገኘ ይጠቀምበታል።

ሕመምም አለ። አንድ ሰሞን መንገጭላውን በጡጫ ሲመታ ከረመ። ሰው ሁሉ «ባሰበት» አለ፤ እንጸልይለት ያሉም ነበሩ፤ ጸሎቱን በደስታ ተቀበልን። መጨረሻ ላይ አፉን ከፍቶ ያየ አንድ ነርስ የበሰበሰ መንጋጋ አገኘ። ጥርሱ ተነቀለ፤ ጡጫው ቆመ። ከዚያ በፊት በሄድንበት የጤና ተቋም «የተፈጥሮው ነው» ብለው ሳይነኩት መልሰውን ነበር። ጆሮው የሚመግል፣ ሆዱ የደረቀ፣ ጥርሱ የታመመ ልጅ መናገር ካልቻለ በሰውነቱ ይናገራል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ልጅ ወደ ቤት ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆንም ልንገራችሁ። ከሆሳዕና እስከ ጃጁራ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ግንብ ቤቶች አሉ። የቤቶቹን በር ሳይ የሚታየኝ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ናቸው፦ አያት፣ ብቸኛ ሚስት፣ ሕፃናት። ገንዘብ ይመጣል፤ ልጁን ይዞ የሚውል ጉልበት ግን የለም። እናት ገበያ ስትሄድ በር ትቆልፍበታለች፤ ያልተቆለፈበትን ደግሞ ታስሮ አይቻለሁ። ያሰረችው እናት ጨካኝ ሆና አይደለም፤ መኪና እንዳይገጨው ወይም ወንዝ እንዳይገባ ፈርታ ነው። የታሰረ ልጅ ደግሞ ከመወዛወዝ በቀር ምን የሚያደርገው አለ? ሲወዛወዝ የሚያዩ ሰዎች በሽታው ጸናበት ይላሉ፤ ትምህርት ቤቱም ጭራሽ አይቀበለውም። ልጅ ከዓመት ዓመት ከሰው ዓይን የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

ሕጉን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲደግፍ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም ማንም በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። መወዛወዝም የዚያው ጉዳት አንድ መልክ ስለሆነ፣ በመወዛወዙ ምክንያት ልጅን ማባረር በጉዳቱ ምክንያት ከማባረር አይለይም።

አቅም እንደሚያንሰን አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን አዲስ ሕንፃ አይደለም።

ከሁሉ በፊት፣ በባህርይ ምክንያት ልጅን ላልተወሰነ ጊዜ ቤት የማስቀረት ልማድ እንዲቆም በደብዳቤ ለትምህርት ቤቶች አሳውቁልን። በእውነት አደጋ ያለው ልጅ ካለ ከቤተሰቡ፣ ከመምህሩና ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክራችሁ ወስኑ፤ የሚመለስበትም ቀን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ከውሳኔው በፊት ደግሞ መምህሩ ለሁለት ሳምንት ያህል በደብተር ይመዝግብ፦ ባህርዩ ስንት ሰዓት ላይ ታየ፣ ልጁ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ ነበር ወይስ ባዶውን ተቀምጦ ነበር፣ ከዚያስ ሰው ምን አደረገለት? ለዚህ የሚያስፈልገው እስክሪብቶ ብቻ ነው። ደብተሩ አንድ ነገር እንደሚነግራችሁ እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው ልመናዬ ልዩ ክፍሎች የቀን ሥርዓት እንዲኖራቸው ነው። ልጁ ጠዋት ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ይወቅ፤ ማንበብ ስለማይችል ሥርዓቱ በሥዕል ግድግዳው ላይ ይለጠፍለት። ከትምህርቱ በፊት ሜዳውን ይሩጥ፣ ውሃ ይቅዳ፣ ችግኝ ያጠጣ። በየትምህርት ቤቶቻችን ግቢ መሬት አለ፤ የጎመን መደብ ለመሥራት የሚከለክለን የለም። በቆሎ መፈልፈል፣ ቡና መልቀም፣ ቃጫ መግመድ፣ ወንበር መደርደር፣ የተማሪ ደብተር ከክፍል ክፍል ማድረስ ሁሉ ሥራ ነው፤ መቁጠርንም ተራ መጠበቅንም ያስተምራል። ፊደሉ አይቅር፤ ፊደል ብቻ ሆኖ ሌላው ሰዓት ባዶ አይሁን ነው የምለው። አንዲት ረዳት በእያንዳንዱ ልዩ ክፍል ብትመደብ መምህሩ አንዱን ሲያስተምር ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይጠብቁም። በበጀት የምጠይቀው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ወላጆች ለማዋጣት ዝግጁ ነን።

ጤናን ለምትመሩት ደግሞ፦ ራሱን የሚመታ ወይም የሚነክስ ልጅ ሲመጣ ጆሮው፣ ጥርሱ፣ ሆዱና ዓይኑ ሳይታይ «የተፈጥሮው ነው» ተብሎ እንዳይመለስ ለጤና ጣቢያዎች መመሪያ ስጡልን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ጓዳ ስላሉት ልጆች ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን እዚሁ ክልላችን ውስጥ ቡታጅራ አካባቢም ተሞክሯል። ሥልጠናው አሳዳጊዎች ልጃቸውን በጨዋታና በዕለት ተዕለት የቤት ውስጥ ሥራ እንዴት እንደሚያሳትፉ ያስተምራል፤ የሚሰጠውም የግድ በስፔሻሊስት ሐኪም አይደለም። ከቡታጅራ ሆሳዕና ሩቅ አይደለም፤ ከሆሳዕና ጃጁራና ዱራሜም እንዲሁ። ልምዱ ወደ እኛ እንዲደርስ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንም እጃቸውን ቢያስገቡ ምስጋናችን ትልቅ ነው።

ማኅበራዊ ጉዳይን የምትመሩ፣ ዕድሜያቸው ለገፋው አስቡልን። 18 ዓመት የሞላው ልጅ ከልዩ ክፍል ሲወጣ የሚገባበት የለም። ቃጫ የሚገምዱ፣ ችግኝ የሚያፈሉ፣ የዶሮ እርባታ የሚያግዙ ወጣቶች በአንድ ግቢ የሚውሉበት ቦታ ቢሰጠን፣ ለገበያ የሚሆን ነገር እንደሚያወጡ በልጃችን እጅ አይተናል። ቦታው ሰፊ መሆን የለበትም፤ ከመንገዱ ራቅ ያለና አጥር ያለው ቢሆን ይበቃናል።

ይህ ሁሉ በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። አሁን በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እዚሁ ሆሳዕና ላይም መስማት የተሳናቸው ልጆች በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለዓመታት ተምረዋል። ከከተማው ርቀው ከሚኖሩ ቤተሰቦች የመጡ ልጆች በምልክት ቋንቋ ተምረው፣ ማንበብና መጻፍ ችለው ወጥተዋል። አካባቢያችን ለእነዚያ ልጆች የከፈተውን በር ለእነዚህም እንደሚከፍት አምናለሁ።

የወንድሜ ልጅ አሁንም ቤት ነው። ጠዋት የደንብ ልብሱን ይለብሳል፤ አውልቅ ብንለው እሺ አይልም። የምንችለውን ያህል ሥራ እንሰጠዋለን፤ ነገር ግን እኔ ክፍል መግባት አለብኝ፣ እናቴም ደክማለች፤ ለአንድ ልጅ ሙሉ ቀን የሚበቃ በቆሎም በቤታችን የለም። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳይጀመር ጉዳዩን ተነጋግራችሁ፣ ቢያንስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማስቀረቱን ልማድ የሚያስቆም ደብዳቤ እንድትጽፉልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ወላጆችን ሰብስባችሁ ልትሰሙን ብትፈልጉ በፈለጋችሁት ቀንና ቦታ እንገኛለን፤ ልጆቻችንንም ይዘን እንመጣለን። መልሳችሁን በተስፋ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርትና አሳዳጊ
ጃጁራ